ለጫማ ጥገና የትኛው መያዣ ይሻላል? ለድሬና ለሐረር ጫማ ሰፊዎች

ጫማ ጥገና ለመጀመር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ማስቲሽ፣ ስለ ክርና ስለ ወስፌ ነው። መያዣው ትዝ የሚለው በኋላ ነው፤ ሥራ ሲበዛና ጫማው ጉልበቱ ላይ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው። ያኔ ገበያ ይወጣል። ገበያው ደግሞ ግራ ያጋባል። ሦስት እግር ያለው ከባድ ብረት አለ፣ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር ምሰሶ አለ፣ የሚዞርና የሚያጋድል መያዣ አለ፣ ብየዳ ቤት ሄደህ የምታሠራውም አለ። ሁሉም ሻጭ የራሱን ነው የሚያሞግሰው።

እኔ የማንንም ዕቃ ለማሞገስ አልመጣሁም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ብረቱን ከማየትህ በፊት እጅህ የሚገባውን ጫማ እይ። ብዙ ሰው የሚገዛው ክብደትና ጥንካሬ አይቶ ነው። «ለልጅ ልጅህ ይተርፋል» ይሉታል፤ እውነትም ይተርፋል። ግን የሚመጣልህ አብዛኛው ስኒከር ከሆነ ያ ጠንካራ ብረት ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዞ ነው የሚውለው።

መጀመሪያ ጫማህን ቁጠር

ድሬ ሙቀት ነው። ሰው የሚያደርገው ሰንደል፣ ነጠላ ጫማና ስኒከር ነው። የቆዳ ጫማ የሚመጣው ከቢሮ ሰውና ሠርግ ካለበት ሰው ነው። ከሲሚንቶ ፋብሪካውና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል ደግሞ ሴፍቲ ጫማ አለ። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ሽፍን ጫማ እዚያ ይበረክታል። መስከረም ሲጠባ ሁለቱም ከተማ የተማሪ ጫማ ይጎርፋል።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚመጣልህን ጫማ ደብተር ላይ ጻፍ። የጫማውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሠራኸውንም ሥራ። ሥራው በጥቅሉ አራት ነው፣ አራቱም ከመያዣው የሚፈልጉት ነገር ለየቅል ነው።

ሚስማር ስትመታ ከሥር ከባድና ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። የሚስማሩ ጫፍ ሶሉን አልፎ ብረቱን ሲነካ ይታጠፍና ወደ ሶሉ ተመልሶ ይነክሳል። ለዚህ ነው ሚስማሩ ከሶሉ ውፍረት ሁለት ሚሊ ያህል በለጥ ማለት ያለበት። ከሥሩ እንጨት ካለ ግን ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ይሰካል እንጂ አይታጠፍም። ከዚያ ደንበኛው እግሩን እየወጋው ይመለስብሃል።

ማጣበቅ ሌላ ነው። ማስቲሽ የሚይዘው ሲገጠም በሚደርስበት ግፊት ነው፣ ለብዙ ሰዓት ታስሮ ስላደረ አይደለም። ሁለቱንም ፊት ትቀባለህ፣ በጣትህ ስትነካው ለጠቅ እያለ ግን ጣትህ ላይ ሳይቀር ትገጥመዋለህ፣ ከዚያ ዳር እስከ ዳር ትመታዋለህ። ስለዚህ መያዣው የጫማውን ውስጥ ከጣት እስከ ተረከዝ ሞልቶ መያዝ አለበት። ጠባብ የብረት እግር (ጫማው ተገልብጦ የሚለብሰው የመያዣው ክፍል) መሃሉንና ጎኑን ባዶ ይተዋል፤ ባዶ የቀረው ቦታ ሲመታ ይሰረጉዳል እንጂ አይጫንም። ድሬ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። በሙቀቱ ማስቲሹ ቶሎ ይደርቃል። ትክክለኛውን እግር እየፈለግህ ስትለዋውጥ ጊዜው ያልፍብሃል። እግሩ በፍጥነት የሚቀያየር መያዣ እዚህ ከሌላው አገር የበለጠ ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ስፌት ነው፣ በተለይ የስኒከር ሶል ዙሪያውን ሲሰፋ። አንድ እጅህ ጫማው ውስጥ ገብቶ ክር ያቀብላል፣ ሌላው ከውጭ መንጠቆ ያለውን ወስፌ ይዟል። ልብ በል፣ እዚህ ሥራ ላይ ጫማው ውስጥ የገባ ብረት ሁሉ እንቅፋት ነው። ምንም ያህል ውድ ይሁን። ጫማው ከውጭ ተይዞ በጎኑ መተኛት ነው ያለበት።

አራተኛው የሴት ጫማ ታኮ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማ በፒንሳ ነቅለህ አዲሷን ስትመታ፣ ከውስጥ የተረከዙን መቀመጫ ብቻ የሚደግፍ ጠባብ ጫፍ ትፈልጋለህ። ሰፊ እግር እዚያ አይገባም።

ሌሎች መመዘኛዎች

ከሥራው ዓይነት ቀጥሎ የማየው ቁመቱን ነው። ቆመህ የምትሠራ ከሆነ፣ ተገልብጦ የተሰቀለው ሶል ከክርንህ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበል። ክርንህ ከመሬት 105 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሶሉ 85 አካባቢ ይውላል። ምሰሶው 30 ከሆነ ጠረጴዛው 55 ብቻ ነው መሆን ያለበት ማለት ነው። ከተራ ጠረጴዛ በጣም ያነሰ ነው፣ አይደል? ሰው ይሄን ሳያሰላ በተራ ጠረጴዛ ላይ ምሰሶ ያስርና ቀኑን ሙሉ ክንዱን ወደ ላይ እያነሳ ሲመታ ይውላል። ማታ ትከሻውን ይይዘዋል።

የምሰሶው ርዝመት ለሌላም ነገር ይፈለጋል። ሴፍቲ ጫማና ቡትስ ስትገለብጠው አንገቱ ምሰሶውን ለብሶ ወደ ታች ይወርዳል። ምሰሶው ካጠረ አንገቱ ጠረጴዛውን ይነካና ጫማው እግሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም። ለእንደዚህ ያለ ጫማ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነፃ ቁመት ያስፈልጋል። ቀጭንም መሆን አለበት።

ቦታህም ይወስናል። ድሬ ላይ አሸዋ ወይም ቀፊራ ገበያ አካባቢ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ማታ ዕቃህን ሸክፈህ የምትሄድ ከሆነ በብሎን የሚታሰር ነገር ምን ያደርግልሃል? የራስህ ክፍል ካለህ ግን ሌላ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ሲሰበር ማን ይሠራልሃል የሚለው ነው። ዕቃው ርካሽ ሆኖ ቁራጩ የማይገኝ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

ሦስት እግር ያለው ብረት

ሁሉም የሚያውቀው ይሄ ነው። አንዱ እግር ለአዋቂ፣ አንዱ ለልጅ፣ አንዱ ለተረከዝ። አንዱን ወደ ላይ ስታደርግ ሁለቱ ይሸከሙታል። ጥሩነቱ ክብደቱ ነው። የመዶሻውን ኃይል አይበላም፣ ሚስማር ያጥፋል፣ ታኮም ትንሹ እግር ላይ ይገባል። ብሎን አይፈልግ፣ ጠረጴዛ አይፈልግ፣ በከረጢት ይዘኸው ትሄዳለህ።

ድክመቱ ግን ብዙ ነው። ስትመታው ይዘላል፣ ይሽከረከራል። እግሩ አጭር ስለሆነ የቡትስ አንገት አይገባበትም። ማጣበቅ ላይ ከላይ ያልኩት የባዶ ቦታ ችግር አለ። አብዛኛው ደግሞ ጋራዥ ቤት ጊዛ የሚሉት፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ጊዛ ሲመቱት ጠንካራ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ግን ይሰበራል። በተራ ኤሌክትሮድ ቢበየድ ደግሞ ከጎኑ መልሶ ይሰነጠቃል፤ የኒኬል ኤሌክትሮድና ብረቱን አስቀድሞ ማሞቅ ይፈልጋል።

ስትገዛ በትንሽ መዶሻ አንኳኳው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ስንጥቅ ያለበት ይታፈናል። ከዚያ ጣትህን በእያንዳንዱ እግር ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርገህ አስኪድ። ሻካራ ወይም ሹል ቦታ ካለ የጫማውን ገበር ይቀድደዋል። ያ በሞረድ ይስተካከላል፣ ስንጥቁ ግን አይስተካከልም። በሦስቱም በኩል እያቆምክ እይው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ተወው።

በብሎን የሚታሰር ምሰሶ፣ እግሩ የሚቀያየር

ቋሚ ቦታ ላለው ሰው እኔ መጀመሪያ የምመክረው ይሄን ነው። አንድ ምሰሶ ጠረጴዛው ላይ ይታሰራል፣ አናቱ ላይ ባለው ቀዳዳ የተለያየ መጠን ያለው እግር ይገባል። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ የልጅ፣ የተረከዝ። የአንዱ ምትክ አንዱን መሰካት ሴኮንድ አይፈጅም። ለድሬ ማስቲሽ የሚስማማውም በዚህ ነው። ማስቲሹን ከመቀባትህ በፊት ጫማውን በየእግሩ ላይ ሞክረህ የሚሞላውን ትመርጣለህ፣ ተሰክቶ ይጠብቅሃል።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ያ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ከሆነ እግሩ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፣ አይዞርም። ክብ ከሆነ ከጎኑ የሚያጠብቅ ብሎን ሊኖረው ይገባል፣ አለበለዚያ በመታኸው ቁጥር ይዞርብሃል። ሱቅ ውስጥ እያለህ እግሩን ሰክተህ ጫፉን ይዘህ ወዘወዘው። ከ1 ሚሊ በላይ የሚጫወት ከሆነ በወራት ውስጥ ይሰፋል። የሰፋ ቀዳዳ መዶሻው ከሰጠው ኃይል እዚያው ያስቀርብሃል።

የጎን ስፌት ግን ይሄም አያሠራህም። ያንን አትጠብቅበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስንት እግር አብሮ እንደሚሸጥ ጠይቅ። ምሰሶው በጥሩ ዋጋ ቀርቦ ከአንድ እግር ጋር ብቻ ከሆነ፣ ሌሎቹን ስትፈልግ ቀዳዳው ሌላ መጠን ሆኖ ታገኘዋለህ። ሙሉውን አብረህ ግዛ ወይም ተወው።

የሚዞርና የሚያጋድል መያዣ

ይሄኛው ሲታይ ያስጎመጃል። ግርጌው ጠረጴዛው ላይ ይታሰራል፣ አናቱ ዙሪያውን ይዞራል፣ ወደ ጎን ያጋድላል፣ በመቆለፊያ ይያዛል። ጫማው ውስጥ ፎርማ (የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት ወይም ፕላስቲክ) ይገባበትና የፎርማው አናት ላይ ያለው ቀዳዳ መያዣው ፒን ላይ ይሰካል፣ ጣቱ በኩል ደግሞ መደገፊያ አለ። የሶል ጠርዝ ስትከረክም፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታስተካክል፣ ቀለም ስትቀባ፣ ማስቲሽ ስትቀባና ስትጫን ወደር የለውም። ፎርማው የጫማውን ውስጥ ሙሉ ስለሚይዝ ማጣበቅ ላይ ከሁሉም ይበልጣል።

ሻጩ የማይነግርህ ወጪ ግን ፎርማው ነው። ከ36 እስከ 44 ለመያዝ ብትፈልግ 9 ቁጥር ነው፣ ግራና ቀኝ ሲሆን 18 ፎርማ። የሾለ ጫማና ክብ ጫማ ደግሞ አንድ ፎርማ አይጋሩም። ያገለገለ ፎርማ ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ ማስመጣት ይቻላል፤ ሆኖም ፒኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ሳትለካ አታስመጣ።

ሁለተኛ፣ ለከባድ መዶሻ አልተሠራም። የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ሁሉ በምት ይላላል። ሚስማርም በእንጨትና በፕላስቲክ ፎርማ ላይ አይታጠፍም፣ ሥሩ ብረት የተለበጠበት ካልሆነ። ስለዚህ ይሄን የገዛ ሰው ለሚስማር ሥራ ሌላ ብረት መያዙ አይቀርም። አዲስ ጫማና ሰንደል ለሚሠራ ሰው ተገቢ ዕቃ ነው። ጥገና ብቻ ለሚሠራ ግን መጀመሪያ የሚገዛ አይመስለኝም።

ብየዳ ቤት ማሠራት

ድሬ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ አብራ ተወለደች፣ የባቡሩ ጋራዥም እዚሁ ሆነ። ብረት መሥራት የከተማዋ ሙያ ነው። ጥሩ በያጅና ጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለብህም። ሐረር ያለ ሰውም ወርዶ ቢያሠራ አያጣም።

ችግሩ አብዛኛው ሰው «ጫማ የሚያዝበት ነገር ሥራልኝ» ብሎ መሄዱ ነው። በያጁ ጫማ ሰፊ አይደለም፤ ከእጁ ያገኘውን ቱቦ ይቆርጥና ላሜራ ይለጥፍበታል። ቱቦ ክፍት ስለሆነ ይነጥራል፣ ስስ ላሜራም በመዶሻ ይጎብጣል። እንዲህ ብለህ እዘዝ። ምሰሶው 40 ሚሊ አካባቢ ውፍረት ያለው ድፍን ዘንግ ይሁን። ግርጌው 20 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ፣ አራት የብሎን ቀዳዳ ያለው። እግሩ ከ12 ሚሊ ያላነሰ ብረት። የእግሩን ቅርጽ ለማውጣት የጫማውን የውስጥ ሶል ካርቶን ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምር፣ ከዚያ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ቀንሰህ ቁረጠው። ካርቶኑን ለበያጁ ስጠው። የላይኛው ጠርዝ በሙሉ በግራይንደር ይሙለል፣ ከዚያ በሞረድ ይለስልስ። አንድ አሮጌ ጫማ ይዘህ ሂድና እዚያው አልብሰህ ሞክረው።

የሐዲድ ቁራጭ ይሻላል የሚል አለ። ለመቀጥቀጫ እውነትም ግሩም ብረት ነው። ግን ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ሳይሞቅ ከተበየደ ብየዳው ዳር ይሰነጠቃል። ሌላው ደግሞ የሐዲድ ብረት የሕዝብ ንብረት ነው፣ ምንጩ ያልታወቀ ቁራጭ አትንካ።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ቢሰበር እዚያው ሰፈር መበየዱ ነው። ተራ ብረት ነውና ማንም ይበይደዋል።

ሞርሳና ጠፍር

ሞርሳ (ዕቃን በሁለት የብረት ጥርስ ጨምቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ካለህ የእንጨት ፎርማ አስረህበት ማጣበቅና መከርከም ትችላለህ፤ ሚስማር ግን አይሆንም፣ ጫማውን ራሱን በሞርሳ ጥርስ ከነከስከውም ቆዳው ይጎዳል። ለብቻው ግዛ አልልህም።

ጠፍር ግን ይገባዋል ከሚባለው በላይ ዋጋ አለው። ሰፋ ያለ የቆዳ ጠፍር ወይም የቦርሳ ማንገቻ ጫማውን ጉልበትህ ላይ ዞሮ ይይዝና ጫፉን በእግርህ ትረግጠዋለህ። ጫማው ከውጭ ተይዟል፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ እጅህ እንደልብ ይገባል። ለስኒከር ስፌት ከዚህ የተሻለ ነገር በብዙ ብር አትገዛም። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

| መያዣ | ሚስማር | ማጣበቅ | የስኒከር ስፌት | ቡትስና ሴፍቲ | ታኮ | ማንቀሳቀስ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ሦስት እግር ብረት | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | አይሆንም | ያስቸግራል | ጥሩ | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ምሰሶ ከተቀያያሪ እግር ጋር | በጣም ጥሩ | ጥሩ | አይሆንም | ጥሩ፣ ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ | ጥሩ፣ የተረከዝ እግር ካለው | ቋሚ | መካከለኛ |
| የሚዞርና የሚያጋድል | ደካማ | በጣም ጥሩ | አይሆንም | እንደ ፎርማው | ደካማ | ቋሚ | ከፍተኛ፣ ፎርማው ሲጨመር |
| በብየዳ የተሠራ ምሰሶ | ጥሩ | እንደ ቅርጹ | አይሆንም | ጥሩ | ካዘዝከው ጥሩ | ቋሚ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ሞርሳ ከፎርማ ጋር | አይሆንም | ጥሩ | አይሆንም | ያስቸግራል | አይሆንም | ቋሚ | መካከለኛ |
| ጠፍር | አይሆንም | ደካማ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | አይሆንም | በጣም ቀላል | ከምንም አይቆጠርም |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

መንገድ ዳር ለምትሠራ፣ ማታ ዕቃህን ለምትሸክፍ፦ ሦስት እግር ብረትና ጠፍር። ሌላ ምንም አትግዛ። ብረቱ እንዳይዘል አሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ከሥሩ አንጥፍ። ሁለቱ አንድ ላይ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍኑልሃል፣ ብርህንም ለጥሩ ማስቲሽ ታተርፋለህ።

ሳቢያን ወይም ከዚራ በኩል ትንሽ ክፍል ለተከራየህ፣ ወይም ሐረር ጀጎል ውስጥ ጠባብ ሱቅ ላለህ፦ ምሰሶ ከአራት እግር ጋር። እጅህ ካጠረ በብየዳ አሠራው፣ ነገር ግን ምሰሶውን ጥሩ አድርገህ አሠርተህ እግሮቹን ቀስ በቀስ ጨምር። ጠፍሩ እዚህም አይቀርም።

ሴፍቲ ጫማ ከሚያደርጉ ሠራተኞች ጋር ለምትሠራ ደግሞ የምሰሶው ቁመት ከሁሉም ይቀድማል። 30 ሳንቲ ሜትር ብለህ እዘዝ፣ አትደራደር።

ሰንደልና አዲስ ጫማ ለምትሠራ፣ በማኅበር ለተደራጃችሁም ጭምር፦ የሚዞረውን መያዣ ግዙ፣ ፎርማውን ግን መጀመሪያ በብዛት በምትሸጧቸው ሦስት አራት ቁጥሮች ጀምሩ። ብዙ ከሆናችሁ አንዱ ጫማ ይዞ ሌላው እንዳይጠብቅ አጠገቡ አንድ ተራ ምሰሶ ቢኖር ይመረጣል።

የቤተሰቡን ጫማ ብቻ ለሚጠግን ሰው ትንሿ ሦስት እግር ብረት ትበቃለች።

ስታስረው

ምንም ያህል ጥሩ ብትገዛ አተሳሰሩ ካልሆነ ከንቱ ነው። ምሰሶውን የጠረጴዛው መሃል ላይ አትሰረው። መሃሉ እንደ ከበሮ ይነጥራል። የጠረጴዛው እግር አናት ላይ፣ ጥግ በኩል እሰረው፤ ምቱ በእግሩ አድርጎ ቀጥ ብሎ መሬት ይወርዳል። በእንጨት ብሎን አትመን፣ ይነቀላል። ጣውላውን ከላይ እስከ ታች በስተህ 12 ሚሊ ብሎን አሳልፍ፣ ከሥር 5 ሚሊ ላሜራ አድርገህ ሮንዴላና ሁለት ሁለት ዳዶ አጥብቅበት። አንዱ ዳዶ በምት ሲላላ ሁለተኛው ይይዘዋል።

ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ምረጥ። ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ይፋጃል፤ ጫማ ስታለብሰው ውስጡ ያለውን ማስቲሽ ያለሰልሰዋል። ነጭ ስኒከር ስትይዝ ደግሞ እግሩን አሮጌ ካልሲ አልብሰው፣ ብረቱ ገበሩን ያጠቁራልና። ዝገት እፈራለሁ ብለህ ዘይት አትቀባው፤ ዘይት የነካው ቦታ ላይ ማስቲሽ አይዝም። በሻማ አሸት አድርገው፣ ይበቃል።

ጠረጴዛውን ከመብሳትህ በፊት ምሰሶውን በማጥበቂያ ብቻ ያዘውና ጥቂት ቀን ሥራበት። ትከሻህ ከደከመ ጠረጴዛው ከፍ ብሏል፣ ወገብህ ከታመመ ዝቅ ብሏል። ቁመቱ ሲስማማህ ያኔ ብሳው።